ትርፍ

ሞላሌ መናኸሪያ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
ትኬት ቆራጭ ነኝ እኔ፣ ወንበር የምሞላ።
ሃያ አራት ሰው ይላል ሊብሬው ላይ ያለው ጽሑፍ፤
ሠላሳ ስምንት ነው ቅጥቅጡ የሚያቅፍ፦
ዘጠኙ በዱካ፣ አምስቱ ሞተር ጫፍ።
ኬላው ሲቃረብ ረዳቱ ምንይችል
"ትራፊክ!" ይላል፣ "ትርፍ ሰው ዝቅ በል!"
ይኼኔ ቄሱም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ የባንኩ ዘበኛም
ጉልበት መሀል ይሰወራል፤ የሚተፋፈር የለም።
ሃያ አራት አንገት ብቻ በመስኮት ይታያል፤
ቅጥቅጡም እንደ ጻድቅ ቀስ ብሎ ያልፋል።

ጥር ላይ ነው፣ ማክሰኞ፣ አዳራሽ ጠሩን፤
ግድግዳው ላይ በብርሃን አንድ ነገር አሳዩን፦
ነጭ፣ አፍንጫ ሹል፣ ገደል የሚሻገር፤
"ፈጣን ባቡር" አሉት፣ "በሰዓት የሚበር
ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎሜትር።"
እትዬ ጌጤነሽ ከኋላ ተነሡ፦
"ባቡርስ ደግ ነበር፤ ቺንጋው በመበጠሱ
የኛ ከቆመ ይኸው ሁለት ወር ሊሞላው፤
የናንተስ ገብስ ይፈጫል? በኩንታል ስንት ነው?"
አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።
እኔም እስከ ማታ ነገሩ አልገባኝም፦
ለዚያ ለነጩ ባቡር የሚሰፈረው በቁና
ገብስ አይደለምና።

"ትርፉ ብዙ ነው!" አለ ከረባት ያሰረው።
ጋሽ ሸዋቀና ግን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ መንገድ የነዱት ሰው፣
ባርኔጣቸውን አውልቀው፦ "የት ነው የሚቆመው?"
"እዚህስ አይቆምም፤ ፈጣን ነው፣ ያልፋል።"
"ያልፋል?" አሉ ሽማግሌው። "ያልፋል፣ ያልፋል
ስንባል የኖርነው፣ ለካ ይኼ ኖሯል!
ለኛ መንገድስ ልጄ፣ ሁለት አውቶብስ ቢጨመር?"
ሰውየው ወረቀት ገለጠ፦ "ተጠንቷል፤ ሲደመር፣
ኬላ ላይ ሦስት ቀን ቆመን እንዳየነው፣ ሰው የለም፤
በአንድ መኪና ሃያ አራት። ትርፍ ሰው አልታየም።"
ምንይችል አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።
ያን ሁሉ ትርፍ ወንበር የሸጥሁት እኔ ነበርሁ።

"መልስ የለኝም" ማለት የኔ ልማድ ነበር፣
ሁለት ብር ለቀረው፣ አምስት ብር ለሚቀር፤
ያን ዕለት ግን ባለ ከረባቱም መልስ አልነበረው።

እውነት ለመናገር፣ ምስሉን ወድጄዋለሁ።
ሌሊት በሕልሜ ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፣
የማንም ክርን ሳይነካኝ፣ ዶሮ ሳይጮህ ከእግሬ ሥር፣
በመስኮቴ እየሮጠ ጭጋግ ለብሶ ጣርማበር።
ነቅቼ ደግሞ በትኬት ጀርባ ስደምር አደርሁ፦
የአንዱን ድልድይ አንድ እግር በሐሳቤ ሸጥሁ፤
አውቶብስ ገዛሁ፣ ኮረኮንቹን አስፋልት አለበስሁ፣
ለነጌጤነሽ ባቡር አዲስ ቺንጋ ጨመርሁ፤
የተረፈውን ብር ለመንግሥት መለስሁ።

በሳምንቱ እኔም ተሳፍሬ፣ ኬላ ላይ "ዝቅ!" ሲል ምንይችል፣
እትዬ ጌጤነሽ፣ መዘዞ ሊያስፈጩ ገብስ ታቅፈው፣ "ወገቤ እምቢ ብሎኛል፤
ይቁጠረኝ ይኼ ልጅ፤ መቁጠር ያውቅ የለም?" አሉ።
እሳቸው ቀጥ ሲሉ ቄሱም ቀጥ አሉ፤
ነፍሰ ጡሯም፣ ዘበኛውም፣ የቀረውም በሙሉ።
ትራፊኩ በጣቱ ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ፤
ከዚያም ቅጣቱን ጻፈና በመስኮት አሻገረ።
ተዋጣን፣ በነፍስ ወከፍ አሥራ አምስት ብር፤ ቄሱ አጉረመረሙ፤
ነፍሰ ጡሯ "እኔስ ለሁለት ነው?" አለች፤ ጥቂቶች ሳቁ፣ ጥቂቶች ተቀየሙ።
ወረቀቱ ግን ከኔ ጋ ነው፣ ከትኬት ሳጥኔ ሥር፤
ማኅተም አለበት፣ ሠላሳ ስምንት የሚል ቁጥር።